የፋሲካው ፈረሰኛ

ወሎ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 10 ቀን 1970 ዓ.ም.

ውድ እማማ ደብሪቱ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ክፉ ነው ሲሉ ሰምቼ አሳቤ ሁሉ እርስዎ ጋ ነው። እኛ ደኅና ነን። ፀሐይነሽ ምላሷ ከቁመቷ ቀድሟል፤ በየጠዋቱ "አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?" እያለች ታደርቀኛለች። አብዮታዊ ሰላምታችንን አቀርባለሁ።

ልጅዎ ለምን እንደማይጽፍልዎ ጠይቀውኛል። ይቅርታ ያድርጉለት። ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ በድንገት ወደ አሰብ ታዞ ሄዷል፤ እዚያ ደግሞ ሥራው ፋታ አይሰጥም አሉ። ሲመለስ ራሱ ይጽፍልዎታል። ከስቶ እንደሆነም ጠይቀዋል፤ ሲሄድ ደኅና ነበር።

ለገና መምጣት እንደማይችሉ በማወቄ አዝኛለሁ። እስከ ዛሬ ዶሮውን እርስዎ ነበሩ የሚገነጣጥሉት፤ እኔ ሽንኩርት ከመክተፍ አልፌ አላውቅም። እናቴ በልጅነቴ ስለ ሞተችብኝ ያሳየኝ ሰው የለም። እባክዎ ብልቱ ከየት ተጀምሮ ከየት እንደሚቆረጥ፣ ለምን አሥራ ሁለት እንደሚባልም ይጻፉልኝ። ደግሞ ወንድ በሌለበት ቤት ዶሮውን ማን ያርደዋል? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

የምትወድዎት ልጅዎ
የሺመቤት


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 19 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ የሺመቤት፣

አብዮታዊ ሰላምታሽ ደርሶኛል፤ የት እንደማኖረው ስላላወቅሁ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልላክሁትም። የሚያመጣልሽ የጭነት መኪና ነጂው ሰይድ ነው፤ ከባሌ ጋር አብሮ ያገለገለ ሰው ልጅ ነው፣ እንደ ልጄ አምነዋለሁ። መልስሽንም ለእሱ ስጪው።

መጀመሪያ ዶሮውን ልንገርሽ። ለበዓል የሚታረደው አውራ ነው፤ እንቁላል የምትጥል ዶሮ ማረድ ቤት ማራቆት ነው። ገብስማ ወይም ቀይ ካገኘሽ ጥሩ ነው። ነጋዴ ውኃ ግቶ ያከበደውን እንዳያታልልሽ ደረቱን ዳብሺው፤ አጥንቱ እንደ ቢላ ጀርባ ከወጣ ተይው። ላባውን ከነጨሽ በኋላ በእሳት ለብልቢው፣ ከዚያ ሐሞቱ እንዳይፈስብሽ ቀስ ብለሽ ሆዱን አውጪ። ቢላሽ መገጣጠሚያውን እንጂ አጥንቱን አይንካ። እኔ ሙሽራ ሆኜ ስገባ አማቴ ብልቱን በጣቷ እየነካች ስትቆጥር ላቤ በጀርባዬ ይወርድ ነበር፤ አንዱን ክንፍ ሰብሬው ስለነበር ዓመቱን ሙሉ ለእንግዳ ሁሉ አውርታብኛለች። እኔ አንቺን አንድ ቀን ቆጥሬብሽ አላውቅም፤ ቆጥሪልኝ የምትይ ከሆነ ግን እቆጥራለሁ።

አሥራ ሁለት የሆነው በሐዋርያቱ ነው ይላሉ ቄሱ። እኔ ይሁዳ የትኛው ብልት እንደሆነ ጠይቄያቸው ተቆጥተውኛል። እንቁላሉ በማዕዱ ዙሪያ እንዳለው ሰው ልክ ነው። መላላጫው ለእንግዳ፣ ክንፍና አንገቱ ለልጆች፣ ፈረሰኛው ለአባወራው። ፈረሰኛ የተባለው አጥንቱ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለሚመስል ነው የሚሉ አሉ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳገላብጠው ኖሬ ሰውየውን አይቼው አላውቅም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ባሏ አሰብ የሄደባት ሴት "ለበዓሉ ይደርስልኝ ይሆን?" ብላ ትጨነቃለች እንጂ "ወንድ በሌለበት ቤት" ብላ አትጽፍም። ያን ቃል ካነበብሁ ጀምሮ እህል አልወርድልሽ ብሎኛል። ልጄ የት ነው? እኔን ከመደንገጥ አድናለሁ ብለሽ እንደሆነ አታድኚኝ። እኔ የወታደር ሚስት ነበርኩ፤ ከሁሉ የከፋው አለማወቅ ነው።

ደብሪቱ


ወሎ ሰፈር
ጥር 3 ቀን 1970 ዓ.ም.

እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ዓለምሰገድ አሰብ አልሄደም። በኅዳር ወር ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በቀን ብርሃን ወሰዱት። አንድ የሥራ ባልደረባው ተይዞ ሲመረመር ስሙን ጠራው ይላሉ፤ ምን አደረገ እንደተባለ ግን የነገረኝ የለም። ያለው ከሩዋንዳ ሰፈር ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ ግቢ ነው፤ ባለቤቱ ወደ ውጭ የሸሸ ሰው ቪላ ነበር፣ አሁን እስረኛ ሞልቶበታል። ደብዳቤ ይከፈታል ስለሚባል በፖስታ ልጽፍልዎ ፈራሁ፤ ልብዎም ያሳስበኝ ነበር።

በየቀኑ ምሳ ይዤ እሄዳለሁ። በሩ ላይ ስሙን ጠርቼ የምሳ ዕቃውን እሰጣለሁ፣ ማታ ባዶውን ይመልሱልኛል። ማየት አይፈቀድም። ሌሎቹ ሴቶች "ዕቃው ባዶ ከተመለሰ በሕይወት አለ ማለት ነው" ይሉኝ ነበርና በዚያ እጽናና ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አፀደ የምትባል፣ ከጎኔ የምትሰለፍ ሴት፣ ባሏ ከሞተ ወር ማለፉን ሰማች። ወሩን ሙሉ ምግቡን ሲቀበሏት፣ ባዶውን ሲመልሱላት ነበር። ጠባቂዎቹ ናቸው የበሉት። እማማ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ሳህን አያጽናናኝም። ዓለምሰገድ ይብላው፣ ሌላ ይብላው በምን አውቃለሁ?

የገናውን ነገር ልንገርዎ። ዶሮውን ባለሱቁ ኑሪ ነው የሰጠኝ። "ለዓለምሰገድ ነው፣ ሒሳብ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ፤ እንዳላርድልሽ የእኔ እጅ ለእናንተ አይሆንም" አለኝ። እኔም ዋዜማውን ከሰዓት በኋላ ዶሮውን በብብቴ፣ ቢላውን በእጄ ይዤ፣ እንደ ባልቴት በሬ ላይ ቆሜ አላፊ ወንድ ጠበቅሁ። ጋሽ ገብረእዝጊን ያውቋቸዋል፣ በየበዓሉ ከዓለምሰገድ ጋር ቢላ የሚስሉት ጎረቤታችን። ሲመጡ አይቼ ልጠራቸው ስል አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ዞረው ተመለሱ። አልፈርድባቸውም፤ የታሰረ ሰው ቤት መግባት ዛሬ ቀላል አይደለም። ግን አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ የመጣው የአብዮት ጥበቃ ነበር፤ ጠመንጃ ያነገተ፣ ጢሙ ገና ያልበቀለ። ደግሞ አውቀዋለሁ፤ እዚያው ግቢ በር ላይ ይቆማል። ልገባ ስል "ባርክልኝ ልትይ ነው?" አለኝ።
"አዎ" አልኩት።
"የማን ቤት ነው?"
"የዓለምሰገድ።"
እማማ፣ ለምን እውነቱን እንደተናገርኩ አላውቅም። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወደ ምሥራቅ አዞረና "በስመ አብ" ብሎ ባረከው። ሲወጣ "ጸሎቱን ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። ለእርስዎ ብቻ ነው የነገርኩት።

ብልቱን እንዳሉኝ አወጣሁ። አንድም አጥንት አልሰበርኩም። ወስጄ ሰጠሁ፣ ዕቃው ተጠርጎ ባዶውን ተመለሰ። እና ምንም አላወቅሁም።

የሺመቤት


ደብረ ብርሃን
የካቲት 29 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ካነበብሁ በኋላ አልጋ ላይ ወደቅሁ፤ ለዚህ ነው የዘገየሁት። አሁን ተነሥቻለሁ። ጾሙ ገብቷልና ሰውነቴ ደካማ ቢሆንም አሳቤ ጠርቷል።

አልዋሽሽም፣ ተናድጄብሽም ነበር። ልጄ ታስሮ እኔ እዚህ ወጥ ሳበስልና ከጎረቤት ጋር ስስቅ ነበር። ከዚህ በኋላ ክፉውንም ሆነ ደጉን በዕለቱ ትነግሪኛለሽ።

ባዶ ሳህን እንደማይናገር እውነትሽን ነው። የሚናገር ነገር ግን አለ። ስሚኝ።

በ1956 ለገና ባሌ ቤት ነበር። በማግሥቱ ወደ ኦጋዴን እንደሚዘምቱ እሱ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ማዕድ ላይ ፈረሰኛውን አወጣሁለት። ለወትሮው አንድም ቀን አያሳልፈውም፤ የዚያን ዕለት ግን ሳይቀምስ አንሥቶ ሙሉውን ዓለምሰገድ ፊት አኖረው። ልጁ ያኔ ትንሽ ነበር፣ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ብላ፣ ከእንግዲህ ያንተ ነው" አለው። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ባሌ ከዚያ ዘመቻ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ፈረሰኛው ለዓለምሰገድ ሆነ። ብቻውን ግን አይበላውም። መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ግማሹን በእንጀራ ይጠቀልልና ፊቴ ያስቀምጠዋል። እኔን የሚያህል ሰውዬ ሆኖም አልተወውም፤ አንቺም አይተሽዋል። ባለፈው ፋሲካ ያስቀመጠው ፊትሽ ነበር። እኔ ቀናሁ እንጂ አላዘንሁም።

ስለዚህ ለፋሲካ ፈረሰኛውን ሙሉውን ላኪለት። ሌላ ሰው ከበላው አይመለስም፤ ዘበኛ ግማሽ ፈረሰኛ በእንጀራ ጠቅልሎ አያስቀርም። እሱ ካለ ግን ግማሹን ይልክልሻል። ግማሹ የመጣ ቀን ልጄ በሕይወት አለ፣ ልቡም ቤቱ ነው። ከዚህ በቀር የማውቀው ብልሃት የለኝም። እስከ ፋሲካ ግን ሩቅ ነው፤ እንዴት እንደማልፈው ፈጣሪ ይወቅ።

ደብሪቱ


ወሎ ሰፈር
መጋቢት 20 ቀን 1970 ዓ.ም.

እማማ፣

ቶሎ ይመልሱልኝ። ግቢው ውስጥ ነገር ተለዋውጧል። በጭነት መኪና ሰዎች ተወስደዋል ይባላል፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበረችውን ሴት "ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ" አሏት። ዘንቢሏን ይዛ እዚያው ቆመች፣ ገፍተው አስወጧት። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። የዓለምሰገድን ስም ስጠራ ያንኑ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ግን ተቀበሉኝ። ሽሮ ነበር።

ፋሲካ ይደርስልናል? ፈረሰኛውን ለብቻው ቋጥሬ ልስጥ ወይስ ከወጡ ጋር? ጠባቂዎቹ ምግቡን በሹካ እየወጉ ያዩታል፤ ጥሩ ጥሩውን ያስቀሩታል። ፀሐይነሽ "አባቴ አሰብ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

የሺመቤት


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 28 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ፣

ለብቻው አትቋጥሪ፤ ለብቻው የተቋጠረ ነገር ያጠራጥራል። ታፋና መላላጫውን ከላይ አድርጊ፣ ለዓይናቸው እንዲጎላ። የሚወስዱት እሱን ነው፣ ይውሰዱት። ፈረሰኛውን ከሥር፣ ከእንቁላሉም በታች በወጡ ድፈኚው። ጥጋበኛ ሰው እስከ ታች አይፈልግም።

ገብስማውን አውራዬን በሰይድ ልኬልሻለሁ። እዚሁ ጓሮዬ ያደገ ነው፤ ሊነጋ ሲል ሲጮኽ ዓለምሰገድ ባለፈው ዓመት መጥቶ ሳለ ትራሱን ወርውሮበት ነበር። አሁን ይብላው።

ልጅቷን አታስዋሺ፣ አንቺም አትዋሺያት። "አባትሽ ያለበትን ሰዎች ዘግተውበታል" በያት። ልጆች የተዘጋ በር ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ፋሲካ ይደርሳል። መድረሱን እንጂ ሌላውን አላውቅም።

ደብሪቱ


ወሎ ሰፈር
ሚያዝያ 23 ቀን 1970 ዓ.ም.

እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ።

ልጅዎ በሕይወት አለ! ይህን ቃል ቀድሜ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በር ላይ ልቆም ስል ጋሽ ገብረእዝጊ በጓሮ አጥር በኩል ገቡ። ገብስማውን ከእጄ ተቀበሉ፣ ባረኩት፣ ቢላውን ጠርገው ሰጡኝ፣ በገቡበት ወጡ። ከሄዱ በኋላ ነው ማልቀሳቸው የገባኝ።

ትናንት ጠዋት ወሰድኩ። እንዳሉኝ ታፋውን ከላይ፣ ፈረሰኛውን ከሥር። ያ ለገና ያረደልኝ ልጅ ነበር በሩ ላይ። በሹካ ሳይወጋው ተቀበለኝ። ማታ ዕቃውን ያወጣልኝም ራሱ ነው። ስቀበለው ከበደኝ። "እሱ ራሱ ነው ያስቀመጠው፣ እጄን አልነካሁበትም" አለኝ። ደኅና ነው ወይ ስለው ፊቱን አዞረ፤ ዘበኛ ስለሆነ መናገር አይችልም ብዬ ተውኩት።

እዚያው አጥር ሥር ቆሜ ከፈትኩት። ፈረሰኛው በእንጀራ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሙሉውን ነው የላከው፣ እማማ፣ ግማሹን አይደለም! ቅምሻ እንኳ አልወሰደበትም። ከሩዋንዳ እስከ ወሎ ሰፈር እያለቀስኩና እየሳቅሁ ነው የሄድኩት፤ ሰው አበደች ሳይለኝ አይቀርም። ኑሪ ሱቁን ትቶ ወጥቶ "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ላከልኝ፣ ላከልኝ" ከማለት በቀር አልቻልኩም።

ቤት ስገባ ፀሐይነሽ ዕቃውን ታቅፋ "የአባቴ ነው?" አለች። ሰጠኋት። ፈረሰኛ ለሴት ልጅ አይሰጥም የሚል አማት የለኝምና በላች። አጥንቱን እስኪነጣ ጋጠችው፣ ለእኔ አንዲት ቁራጭ አላስቀረችልኝም። ስትጨርስ ጣቷን እየላሰች እቅፌ ላይ ተኛች።

ከዚያ ነው የካቲት ላይ የጻፉልኝን ደብዳቤ ያወጣሁት፤ ደስታዬን በእርስዎ ቃል ደግሜ ላነበው ብዬ። ግማሹን ይልክልሻል ነው ያሉኝ። ሙሉውን የሰጠው ማን እንደነበር ግን ከዚያው በላይ ተጽፏል። አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ልጅቷን ከእቅፌ ማውረድ አቃተኝ።

እማማ፣ እኔ ነገር ፈላጊ ሆኜ ነው ይበሉኝ። ስላልራበው ነው ይበሉኝ። ለልጁ ሳስቶ ነው ይበሉኝ።

የሺመቤት

ማክሰኞ። ሰይድ ስላልመጣ ደብዳቤው እስካሁን እጄ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር። ያ ልጅ በሩ ላይ የለም፤ ሌላ ሰው ነው ያለው። ስሙን ስጠራ ወረቀት አየና ሳህኑን መለሰልኝ። "ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ።


ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 27 ቀን 1970 ዓ.ም.

ልጄ የሺመቤት፣

ይህ ወረቀት ከእኔ በፊት የሚደርስሽ እንዲያው ሰይድ ዛሬ ስለሚወርድ ነው። ነገ ደግሞ እዚህ ተመልሶ ጭኖ ሲወርድ እኔን ይዞኝ ይመጣል። ጉልበቴን አትጠይቂኝ።

ስላልራበው ነው አልልሽም። ተስማምተናል፣ አንዋሻሽም። ልጄ ቅዳሜም እሑድም በሕይወት ነበር፤ የሚሆነውን አውቆ፣ የቤቱን ነገር በእጁ አስረክቦ ነው የሄደው። አባቱ ያደረገውን አደረገ። በልጅነቱ አፉን ከፍቶ ያየውን አልረሳውም። አንድዬ ነበር፤ ልቤ እንዴት እንደሆነ መጥቼ እነግርሻለሁ፣ እዚህ ልጽፈው አልችልም።

እዚያ ለእንዲህ ያለ ሰው ማልቀስ ክልክል ነው፣ ድንኳንም አይተከልም ሲሉ ሰምቻለሁ። እንግዲያው ሽንኩርት አውጪ። የበዓል ሰሞን ነው፣ ዶሮ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ይፈልጋል። በርሽን ክፈቺና ደጃፉ ላይ ተቀምጠሽ ክተፊ። እስክደርስ ድረስ የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ፤ ማንም አይጠይቅሽም። ስደርስ አብረን እንከትፋለን።

ፈረሰኛ ለሴት አይሰጥም የሚል አማት የለኝም ብለሽ ጽፈሻል። ልክ ነሽ፣ የለሽም። ፈረሰኛው የፀሐይነሽ ነው፤ ለእንቁጣጣሽም፣ ለገናም፣ ከእንግዲህ በየበዓሉ። እኔ ራሴ ነኝ የማወጣላት።

ለእኔ አላስቀረችልኝም ብለሽ ደግሞ እንዳትቀየሚያት። ዓለምሰገድም አባቱ በሰጠው ቀን ብቻውን ነው የጨረሰው፤ አጥንቱን እስኪነጣ ጋጠው። ግማሹን መስጠት የጀመረው ኋላ፣ አባቱ እንደማይመለስ የገባው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ልጅቷን "አካፍይ" ብለሽ እንዳታስተምሪያት። ራሷ ሰንጥቃ ፊትሽ እስክታስቀምጠው ድረስ ብቻዋን ትብላ። ያ ቀን ዘግይቶ ይምጣላት።

እናትሽ
ደብሪቱ